ለቤተ እስራኤል ማን ይናገር ነበር

በቀድሞ ዘመን ከቢቸና ተነሥቶ በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ የቤጌምድርን ግዛት ይረግጥ ነበር። ጉዞውን ወደ ሰሜን ቢቀጥል ደምብያንና ወገራን ያገኛል፤ እነዚህም ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን የኖሩባቸው አገሮች ናቸው። ከታሪካቸው ውስጥ ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ይልቁንም የሚደንቀን፥ የበላይ ሹምና ማኅተም ሳይኖራቸው ሃይማኖታቸውን ጠብቀው መኖራቸው ነው።

በጥንት ጊዜስ በሰሜን ተራሮች የራሳቸው መሳፍንት ነበሯቸው። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጦር ድል ካደረጓቸው ወዲህ ግን ይህ ሥልጣን አከተመ፤ አመራሩም በመነኮሳት፥ በቄሶችና በሽማግሌዎች እጅ ቀረ። ምንኵስናውን በ15ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አባ ጸብራ እንደ ሆኑ ይተረካል። መነኮሳቱ ቄሶችን ያስተምራሉ፤ ቄሱ በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ያነባል፤ ሽማግሌዎቹ ጠብ ያበርዳሉ። አንዱ መንደር ሌላውን አያዝም። የሚደመጠው በዕውቀቱና በቅድስናው የታወቀው ሰው ነው።

የአንድ መነኵሴ ቃል ምን ያህል ይመዝን እንደ ነበረ በ1862 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታየ። አባ መሐሪ ወደ ተስፋይቱ ምድር ለመሄድ በተነሡ ጊዜ ብዙ ሕዝብ እርሻውንና ቤቱን ጥሎ ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ተከተላቸው። በትግራይ ረኀብና በሽታ ብዙዎችን ፈጀ፤ ጉዞውም ሳይፈጸም ቀረ። ጉባኤ ተጠርቶ ምክር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ ይጀመር ነበርን? እኔ አይመስለኝም።

ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጥተው የውጭ አገር አይሁድ ስለ ወገኖቻቸው ማሰብ በጀመሩ ጊዜ፥ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚመልስ ሰው አስፈለገ። እርሳቸው ወደ አውሮፓ ወስደው ያስተማሯቸው ታምራት አማኑኤል በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። በኋላም በትምህርት ሚኒስቴር ያገለገሉት ዮና ቦጋለ በ1979 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ስለ ሕዝቡ ተናጋሪ ሆኑ። ለዚህ ያበቃቸው ቋንቋ ማወቃቸው እንጂ የሕዝብ ምርጫ አልነበረም። በአገሩ ሁሉ የሚሰማው ቄስ ግን ከውጭ ለሚመጣው እንግዳ ያለ አስተርጓሚ ድምፅ አልነበረውም።

አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሲጓዝ ቄሶቹም አብረው ሄዱ፤ በ1991 ብቻ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ተጓጓዘ። የአገሩ የበላይ ረቢዎች ግን ለቄሶቹ ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣን አልሰጡም፤ ሕዝቡም እንደ ገና በውኃ እንዲነከር ጠየቁ። በ1985 ብዙዎች በኢየሩሳሌም በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አቤት አሉ። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት የስግድን በዓል በሕግ የአገሩ በዓል አደረገው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ቄሶች በኢየሩሳሌም በጥላ ሥር ቆመው በግዕዝ ያነባሉ።