ደንብ፣ በደንብ፣ ከደንብ ውጪ

እስቲ ‹ደንብ› የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉት። ምን ትዝ አላችሁ? የአዲስ አበባ ልጆች ከሆናችሁ፣ ‹ደንቦች መጡ!› ሲባል የዘረጋውን ሸቀጥ ጠቅልሎ የሚፈተለክ ልጅ ሳይታያችሁ አይቀርም። ነገር ግን ይኸው ቃል እናቶቻችን ‹በደንብ ብሉ እንጂ!› ሲሉን ፍቅር ነው። ባለሱቁ ‹ደንበኛዬ› ሲለን ደግሞ መተማመን ነው። አንዱ ደንብ ያስሮጣል፤ ሌላው ነገር በወጉ መሆኑን ይነግረናል። ዛሬ የምናወራው ሁለቱ ደንቦች ስለተጋጩባት ከተማ፣ ስለ ወላይታ ሶዶ ነው።

በመጀመሪያ የመንግሥቱን ደንብ እንይ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቶች ይወጣል። ታችኛው ላይኛውን መጣስ አይችልም። ከሁሉም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ፤ አንቀጽ 9 ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማድም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። አንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው ይላል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ ሲገባስ?

ያኔ ወላይታ የራሱ ዞን አልነበረውም። ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም ጋር በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበር፤ መቀመጫውም አርባ ምንጭ። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም በአንድ የኦሞቲክ ቅርንጫፍ ሥር ይመድቧቸዋል። ባለሥልጣናቱ ይህንን ይዘው ‹ለምን አንድ አናደርጋቸውም?› አሉ። ከየስሙ መነሻ ፊደል ተወሰደና ‹ወጋጎዳ› የሚባል ስም ተገኘ። ከአራቱም የተውጣጣ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ፤ ወደ ትምህርት ቤት ተላከ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የተነሣበት ምክንያት ጨርሶ ውኃ የማይቋጥር አልነበረም። ለአራት ቋንቋ አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ይቀላል። ችግሩ ቋንቋው የማንም እናት ቋንቋ አለመሆኑ ነበር። ወላይትኛ ደግሞ ለትምህርት እንግዳ አልነበረም፤ በ1971 የተጀመረው የደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የሶዶ ልጅ አያቱ ፊደል የቆጠሩበትን ቋንቋ ትቶ፣ ቤት ሲገባ ማንም የማይመልስለትን ቋንቋ እንዲማር ተፈረደበት።

መምህራን ተቃወሙ። የታሰሩም፣ ከቦታቸው የተነሡም ነበሩ። በ1992 መጀመሪያ ወራት ተማሪውና ነዋሪው ሶዶ ላይ አደባባይ ወጣ። የፀጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ለመማሪያ መጽሐፍ ብሎ ሰው ይሞታል? ሞቷል።

በመጨረሻ መጽሐፎቹ ተሰበሰቡ፣ ወጋጎዳም ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ሰሜን ኦሞ ዞን ፈረሰ፤ ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። ዳውሮም እንዲሁ፤ ጋሞና ጎፋ አንድ ዞን ሆኑ።

ወላይትኛ ‹ዎጋ› የሚል ቃል አለው፤ የአማርኛው ‹ወግ› ዘመድ ይመስላል። ባህልም ነው፣ ሥርዓትም ነው። እኛ እንደሚገባን የሶዶ ሰው በ1992 የተቃወመው ደንብ የሚባለውን ነገር አልነበረም። የራሱ ደንብ ነበረው። ደግሞም ሕገ መንግሥቱ ከእሱ ጋር ነበር! ከደንብ ውጪ የነበረው ሳይጠይቅ የወሰነው ቢሮ ነው።

‹ታዲያ ይህ ያረጀ ታሪክ ለእኛ ምናችን ነው?› ትሉ ይሆናል። እኛም በሃያዎቹ ያለን ሰዎች ነን፤ ያኔ አልተወለድንም ወይም ጡት አልጣልንም። ግን በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፣ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። ሶዶ ላይ የጎደለው ይኸው መጠየቅ ነበር። ሕጉ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ፤ ያውም የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው።

ሶዶ ሌላም ትምህርት አላት። ጥር 29 ቀን 2015 በደቡብ ክልል ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአዲስ ክልል ለመደራጀት ድምፅ ሰጡ። የወላይታ ዞን ውጤት ግን በምርጫው ሥርዓት ላይ ጥሰት ተገኝቶ በምርጫ ቦርድ ተሰረዘ። ሕዝቡ ሰኔ 12 እንደገና ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች።

ሁለተኛ መሰለፍ ያሰለቻል፤ ፀሐዩም አለ፣ ሥራም ይፈታል። ነገር ግን ሁለቱን አስተያዩአቸው። በ1992 ደንብ የጣሰው ቢሮ እንዲመለስ ሰው መሞት ነበረበት። በ2015 ድምፁ ከደንብ ውጪ መሰጠቱ ሲታወቅ ሣጥኑ እንደገና ቀረበ። እኛ ‹በደንብ› የሚለውን ቃል ከአሁን በኋላ ስንሰማ እናት ያቀረበችው ምሳ ብቻ አይደለም ትዝ የሚለን፤ ያ የሰኔ ሰልፍም ነው።