ምስሉን ያላየው ሰው

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ሌሊት ሃያ መስመር የማትሞላ ኮድ ጻፍኩ። ሥራዋ ቀላል ነው፦ የስክሪኑ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን በራሱ አባዛው፣ አንድ ቋሚ ቁጥር ደምርበት፣ ውጤቱን መልሰህ አስገባ፣ ደጋግመው። እያደገ የሚሸሸውን ነጥብ እንደ ፍጥነቱ ቀለም ስጠው፤ የማይሸሸውን ጥቁር አድርገው። ባጎላሁት ቁጥር ያው ቅርጽ ከውስጡ እየወጣ አላልቅ አለኝ። «ኮምፒውተር ጉድ ነው!» አልኩ።

ተሳስቻለሁ። ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው።

ጋስቶን ጁሊያ የተባለ ፈረንሳዊ ወታደር በ1915 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ጦር ሜዳ ፊቱን ተመትቶ አፍንጫውን አጣ። ገና 22 ዓመት አልሞላውም። ሆስፒታል ተኝቶ፣ በቀዶ ሕክምናዎቹ መሀል ሒሳቡን ቀጠለ። በ1918 ስለዚሁ መደጋገም 199 ገጽ ጥናት አሳተመ። ሌላው ፈረንሳዊ ፒየር ፋቱም በዚያው ሰሞን ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሶ ነበር።

እኔ በሰከንድ የማወጣውን ምስል ግን ያኔ ማንም ሊያየው አይችልም ነበር። ሚሊዮኖች ስሌት በእጅ ማን ይጨርሳል? ቤንዋ ማንደልብሮት በአይቢኤም ኮምፒውተር የጁሊያን ቅርጾች እንደ ካርታ የሚያሳየውን ዝነኛ ምስል ያወጣው በ1980 ነው። ጁሊያ የሞተው በ1978።

እኔ ራን አድርጌ ካላየሁት አንድ መስመር ኮድ አላምንም። እሱ ሳያይ አረጋገጠ። ያቺ ፋይል አሁንም ላፕቶፔ ላይ አለች፤ ስሟን ግን «ጋስቶን» ብዬ ቀይሬዋለሁ።