ከአውሮፕላኑ ይልቅ ቁልፉ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2001 በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ሲሰልል የነበረ ኢፒ-3 የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ዋንግ ዌይ ሞተ። አፍንጫው የተገነጠለው የአሜሪካ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ ሃይናን ደሴት ላይ እስኪያርፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነበረው። በዚያች ጊዜ ከ24ቱ ሠራተኞች ገሚሶቹ ኮምፒውተር በመጥረቢያ ይፈልጡ፣ ወረቀት በእጃቸው ይቀዱ ነበር። መሣሪያ ላይ ቡና የደፋም ነበር።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ብረቱ አልነበረም፤ ቁልፉ ነበር።

ወታደራዊ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት አንድ ባለሙያ በእጅ የሚያዝ መጫኛ ይዞ ይመጣል። በኬብል ያገናኝና የጊዜውን የምስጢር ቁልፍ ወደ ሬዲዮው፣ ወገንን ከጠላት ወደሚለየው መሣሪያና ወደ ወታደራዊው ጂፒኤስ ይጭናል። ቁልፉ ረጅም የቁጥር ሰንሰለት ነው። እሱ የሌለው ሬዲዮ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ወገን ለዪው ሲጠየቅ በትክክል ካልመለሰ ደግሞ አብራሪው በገዛ ጦሩ ሚሳይል ሊመታ ይችላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው፦ ማሽኑ አንድ ቀን መማረኩ ስለማይቀር፣ ምስጢሩ በየጊዜው በሚለወጠው ቁልፍ ላይ ይሁን። ሰሜን ኮሪያ በጃንዋሪ 1968 ፑብሎ የተባለችውን የስለላ መርከብ ከነምስጠራ ማሽኖቿ ስትማርክ አሜሪካውያን የተጽናኑት በዚሁ ነበር። ያላወቁት ነገር፣ ጆን ዎከር የተባለ የራሳቸው ባሕር ኃይል ባልደረባ ከ1967 መገባደጃ ጀምሮ ቁልፎቹን ለሶቪየቶች ይሸጥ እንደነበር ነው። እስኪያዝ 1985 ደረሰ።

ያኔ ቁልፍ ወረቀት ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ፎቶ ይነሳል። ዎከርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ወደ ኤሌክትሮኒክ መጫኛ የተገባው፣ ቆይቶም ቁልፉ ራሱ ተመስጥሮ የሚጓዝበት፣ ጫኚው እንኳ የማያየው አሠራር የመጣው በከፊል ከዚህ ዓይነቱ ሰው ለመዳን ነው።

ሃይናን ላይ ግን ችግሩ ሌላ ሆነ። በመሣሪያ ውስጥ ያለ ቁልፍ በአንድ ማብሪያ ይደመሰሳል። አውሮፕላኑ ግን ከዚያ ውጭ ብዙ ምስጢር ተሸክሞ ነበር፤ ሠራተኞቹም በአደጋ ጊዜ ማጥፋትን በቅጡ አልተለማመዱም። የተረፈው ቻይናውያን እጅ ገባ። አሜሪካ ቁልፎቿን በጥድፊያ ቀየረች፤ ይህ ግን የነገውን መልእክት እንጂ ቀድሞ ተጠልፎ የተቀመጠውን አያድንም።

ሠራተኞቹ ከ11 ቀን እገታ በኋላ ተለቀቁ። አውሮፕላኑ በጁላይ ወር ተፈታትቶ፣ በሩሲያ የጭነት አውሮፕላን ተጭኖ ተመለሰ።