ተቀባዮቹ

በሠርግ ቤት ዘፈን የሚያወጣው አንድ ሰው ነው። "እሱ ከሌለ ሠርጉ አይሞቅም" የሚባልለትም ያው አውጪው ነው። እሱ ስንኙን ብሎ ትንፋሽ ሲሰበስብ ግን ቤቱን የሚሞሉት ተቀባዮቹ ናቸው። ከመካከላቸው ድምፀ መረዋ አለ፣ ድምፁ የሻከረ አለ፣ ግጥሙን ከጎረቤቱ አፍ እየለቀመ የሚከተልም አለ። "አንተ አትችልም፣ ዝም በል" የሚባል የለም። ስለ አውጪዎች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተቀባዮች የተጻፈው ግን ከቁጥር አይገባም። የሀገራችን የኅብረት ዜማ ታሪክ ያለው ግን እነሱ ዘንድ ይመስለኛል።

ታሪኩ ሩቅ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዜማዋን የምታያይዘው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ስልቶችም የእሱ ናቸው ይባላል። እኔን የሚማርከኝ ከስልቶቹ ይልቅ የአቋቋሙ ሥርዓት ነው። በማኅሌት ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ወዲያው ደግሞ ተራው ይለወጣል። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ብቻ ሆኖ የሚያድር፣ ተመሪ ብቻ ሆኖም የሚያድር የለም። መቋሚያው አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ከበሮው ዘግይቶ ይገባል። ዜማው ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋት እያለ እየፈጠነ ይሄዳል። በገና ሌሊት የሰባ ዓመት መሪጌታ እስኪነጋ ቆሞ ሲያድር አይቻለሁ። መቋሚያው ይደግፈዋል፣ እውነት ነው። ግን ቤቱ ብቻውን ቢሆን አንድ ሰዓት የማይቆም እግር፣ በግራና በቀኝ ሰው ሲኖር ያድራል።

ትምህርቱም በዚሁ መንገድ ነው። የድጓ ማስመስከሪያው፣ ማለትም ተማሪው ብቃቱን የሚያስመሰክርበት ቦታ፣ ጋይንት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ የአቋቋም ጎንደር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶቹን እንዳደራጁ ይነገራል። ምልክቱ ግን የሰማውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልሰማውን አያስዜመውም። ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ስለሆነ ተማሪው ከሰው ተለይቶ የሚማረው ነገር የለውም።

ይህ የማኅሌት ሰልፍ ሴቶችን ውጭ ያቆመ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጎድላለሁ። በመቅደሱ ቅጥር ሴቶቹ እልልታና ጭብጨባ እንጂ ጸናጽል አልነበራቸውም። የራሳቸውን ዝማሬ ያቆዩት በሠርግ፣ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ፣ በዋግና በላስታ ደግሞ ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሻደይና በአሸንድዬ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ ነው ልጃገረዶች ነጠላቸውን ለብሰው ከወንዶቹ ጎን በአንድ መዝሙር ክፍል የቆሙት። ግጥሙም ከግዕዝ ወደ አማርኛ ወረደ፤ ቃሉ የገባው ሁሉ ዘማሪ ሆነ። በእኔ እምነት ከያሬድ ወዲህ ከመጡት ለውጦች ይህን የሚያህል የለም።

ደርግም የኅብረት ዝማሬን ጉልበት ያውቅ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ማታ ማታ ለልምምድ ተሰበሰበ። መዝሙሩ የታዘዘ ነበር፤ የተገኘው ጉርብትና ግን አልታዘዘም። በዚያው ዘመን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ይታሰሩ ነበር፤ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ 7 ዓመት ታስሯል። መዝሙሩ ግን በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ከዘማሪዎቹ ይልቅ ነፃ ሆኖ ኖረ።

እኔ መዝሙር ክፍል የገባሁት በ12 ዓመቴ ነው። ድምፄ ደህና አልነበረም። አስጠኚያችን ጋሼ (ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምንጠራው) ከአንድ ድምፀ ጥሩ ልጅ አጠገብ አቁሞኝ፣ "የጎንህን ካልሰማህ ጮኸሃል ማለት ነው" አለኝ። ለዓመታት የተማርኩት ይህን ብቻ ነው ማለት እችላለሁ። ሌላው ሁሉ፣ ሰዓት ማክበሩ፣ ለደመራ በዓል መስቀል አደባባይ ስንወጣ ሺህ ሰው ፊት አለመደንገጡ፣ ከዚያው የተከተለ ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት፣ ውኃ የቀዱት፣ ሌሊቱን ያደሩት የመዝሙር ክፍል ልጆች ነበሩ። ከግማሾቹ ጋር ከመዝሙር በቀር አንድም ቀን ቁም ነገር ተጨዋውተን አናውቅም።

ይህን ነገር ከውጭ ሆነው የመረመሩት አሉ። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምታቸው አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው፤ ስንኙ የሚያልቅበት ቦታ ሁሉም እኩል ይተነፍሳል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ደግሞ ለጎልማሶች የተከፈቱ የዝማሬ፣ የእጅ ሥራና የድርሰት ክፍሎችን ለ7 ወር ተከታትለው ውጤቱን በ2015 እ.ኤ.አ. አወጡ። በመጨረሻ የሁሉም ክፍል ሰዎች ተቀራርበዋል፤ ፈጥነው የተቀራረቡት ግን ዘማሪዎቹ ናቸው። የእኛ አያቶች በደቦ አጨዳ ላይ ለምን ሳያዜሙ እንደማይጀምሩ የሚገባኝ አሁን ነው። በማያውቁት ሰው አጠገብ ማጭድ ከማንሣት በፊት ትንፋሽ መግጠም ነበረበት።

ዛሬ የዘማሪዎቹ ሰልፍ ሩቅ ሀገር ሄዷል። ቤይሩት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋ የዋለች ልጅ በእረፍት ቀኗ ነጠላዋን አውጥታ ከእህቶቿ ጋር ትቆማለች። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ እዚያው የተወለዱ ልጆች ፊደል ሳይለዩ አማርኛውን በላቲን ጽፈው ያጠናሉ።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እንዲህ ያለች አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ወደ ጎረቤታችን ቤት መጥታ ነበር። ከአያቷ ጋር ከ"ደህና ነሽ" ያለፈ ጨዋታ አልሆነላቸውም፤ ሁለቱም እየተያዩ ይስቃሉ እንጂ። ቡና ከተፈላ በኋላ እናትየዋ "እስኪ ያጠናሽውን" ስትላት ልጅቷ ቆማ መዝሙር አወጣች። አያትየዋ ስኒያቸውን አስቀምጠው እያጨበጨቡ ተቀበሉ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ልጅቷ ግጥሙ ጠፋት። አያትየዋ አወጡ፤ ልጅቷ ተቀበለች።