የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ግዢና የሸማች ዋስትና በኢትዮጵያ

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን (ቬፕን) ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ክልከላው ለጤና የተገባ ቢሆንም ተታሎ የገዛን ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። አንድ የፈረስ ቤት ከተማ ወጣት በቴሌግራም አዝዞ፣ በቴሌብር ከፍሎ፣ በአውቶቡስ የደረሰው ዕቃ ባትሪው አልሞላ ቢል፣ ሻጩ የጻፈለት «የስድስት ወር ዋስትና» አያድነውም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 መሠረት ግዴታው ሕገ ወጥ የሆነ ውል አይጸናም። እንደ ስልክ ባለ ሕጋዊ ዕቃ ላይ ግን ሸማቹ ጠንካራ መብት አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀናት ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ ይፈቅዳል። ለዚህም ደረሰኙን ከነመልእክት ልውውጡ መያዝ ይበጃል።