ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለችው የሐበሾች ቤት

እኛ እዚህ ኦዳ ታሪክ ስናስተምር ሮም ላይ በደረስን ቁጥር ከተማሪዎች አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «የእኛ ሰዎችስ እዚያ ደርሰው ያውቃሉ?» ይሉናል። አዎ፣ ደርሰዋል። ቤትም ነበራቸው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ቤት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቲካን ውስጥ፣ ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንድትሆን ሰጡ። በ1506 የጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ መሥራት ሲጀመር በዙሪያው የነበረው አሮጌ ነገር አብዛኛው ፈረሰ፤ ይቺ ግን ተረፈች። ውስጧ ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። በሯ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ እብነ በረዱ ላይ ሐረግና እንስሳት ተቀርጸውበታል፣ ከላዩም መስቀል የያዘ በግ አለ። የፊት ለፊት ግድግዳዋ ግን በ1706 ታድሷል። እኛ በበኩላችን ከድንጋዩ ይልቅ በዚያ በር ስለገቡት ሰዎች ማውራት እንመርጣለን።

ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በ1511 ሮም ውስጥ ሐበሾች ሲያዜሙ ይሰማና ነገሩ ልቡን ይነካዋል። ከመነኮሳቱ ግዕዝ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይኸው ነው። የሚገርመው፣ ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ያለው! አስተማሪዎቹ ሐበሾች፣ የቋንቋው ስም የሌላ ሰው።

ከዚያ አባ ተስፋ ጽዮን መጣ። ሰውየው የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሩን ሲያወድም፣ ገዳሙም በ1531 ሲቃጠል፣ ብዙ ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ተስፋ ጽዮንም በኢየሩሳሌም አድርጎ ሮም ገባ፣ መጻሕፍቱንም አልጣለም። ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለማሳተም ተነሣ፤ ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የሚባሉ ሁለት መነኮሳት አገዙት።

እስቲ ሥራውን አስቡት። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል ከማዕድን ተሠርቶ አንድ በአንድ በእጅ ነው የሚደረደረው። ላቲን በሃያ ምናምን ፊደል ይጨርሳል፤ የእኛው ግን ከነዝርያው ከ200 በላይ ነው። አታሚዎቹ፣ ዶሪኮ የሚባሉት ወንድማማቾች፣ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም። መነኮሳቱ ደግሞ ማንበብ እንጂ ማተም አያውቁም። ስለዚህ ስሕተት መብዛቱ አይቀርም፤ ተስፋ ጽዮንም ይህንኑ ምክንያት ጽፎ አንባቢን ይቅርታ ጠይቋል። የሐዋርያት ሥራ በእጃቸው የነበረው ቅጂ ጎዶሎ ስለሆነባቸው የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ መልሰው ሞሉት። መጽሐፉ በ1548 እና በ1549 ወጣ። በ1657 ለንደን ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጉሞች በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ያሳተሙ ሊቃውንት የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን የወሰዱት ከዚሁ ነው። ማተሚያ ቤት ወደ አገራችን የገባው ደግሞ ከተስፋ ጽዮን ከ300 ዓመት በላይ ዘግይቶ መሆኑን ልብ በሉ።

ተስፋ ጽዮን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ አገሩንም ሳያይ እዚያው ጣልያን ሞተ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ቤት አባ ጎርጎርዮስን እናገኛለን። የአማራ ሰው ነው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ ከእነሱ ጋር ተሰዶ ሮም የደረሰ ነው። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ፈልጎት መጣ። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ ስለነበር አፉ አልፈታም፤ ጎርጎርዮስም በግዕዝ መጻፍ እንጂ ማውራት አልለመደም። ግን ሌላ በደንብ የሚያግባባቸው ቋንቋ ስለሌለ በዚያው በግዕዝ እየተንገዳገዱ ጀመሩ። (ቋንቋ የምታስተምሩ ይቺን ሳታውቋት አትቀሩም!) በ1652 ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር፣ ጎታ ከተማ ድረስ ተጋብዞ ሄደ፤ ሉዶልፍም ስለ አገሩ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቋንቋው እየጠየቀ መልሱን ይጽፍ ነበር።

ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ሰጥሞ በባሕር ቀረ። ሉዶልፍ ግን ከእሱ በተማረው የግዕዝ መዝገበ ቃላትን በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትን ደግሞ በ1698 አሳተመ።