ዋስ መጥራት፦ የአንድ እንግሊዝኛ ግስ ታሪክ

ቋንቋ የኅብረተሰብ ኑሮ መዝገብ ነው። የመሬት ይዞታው፣ የፍርድ ሥርዓቱ፣ የገዢና የተገዢው ግንኙነት ሁሉ በቃላቱ ውስጥ አሻራውን ትቶ ያልፋል። እንግሊዞች ለሌላው ታማኝነት ዋስ መሆንን የሚገልጹበት «ቫውች» የተሰኘው ግስ ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ ነው።

የግሱ ሥር ላቲን፣ ትርጉሙም «መጥራት» ነው። ወደ እንግሊዝ የገባው ግን በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የገዢው መደብና የችሎቱ ቋንቋ ለመሆን በቃ። ሙግት በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ የሚያዝዝ ሕግ የወጣው በ1362 እ.ኤ.አ. ነው።

በዚያ ችሎት ጥሪው እንደ ዋዛ የሚነገር ቃል አልነበረም። ባለይዞታው በመሬቱ ሲከሰስ፣ መሬቱን የሰጠውን ወይም የሸጠለትን ሰው በዋስነት ያስጠራል። የተጠራው ቀርቦ ሙግቱን ይረከባል፤ ቢረታ ከገዛ ርስቱ ተመጣጣኝ መሬት ይተካል። እጅ ነሥቶ ለተገዛለት ሰው ጌታው ይዞታውን የመዋስ ግዴታ ነበረበት። ልማዱ በከብት ረገድ ከኖርማኖችም ይቀድማል፤ በአንግሎ ሳክሶን ሕግ የተሰረቀ ከብት የተገኘበት ሰው የሸጠለትን ጠርቶ ራሱን ነጻ ያወጣ ነበር። እንግዲህ ዋስነት ድምፅ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነበር።

ሆኖም ሥርዓት ሲያረጅ ቃሉም ይቦረቡራል። በ15ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛውያን ባለርስቶች፣ ከልጅ ወደ ልጅ ብቻ እንዲወርድና እንዳይሸጥ የታሰረውን ርስት ለመሸጥ አንድ ዘዴ አበጁ። ገዢው በስምምነት ይከስሳል፤ ሻጩ ዋስ ያስጠራል፤ በመጨረሻ በዋስነት የሚጠራው ግን አንዲት ጋሻ መሬት የሌለው የችሎቱ ለፋፊ ነው! ለፋፊው ቃሉን ሰጥቶ ይሰወራል፤ ርስቱ ለገዢው ይፈረዳል፤ ወራሾቹም ካሣችሁን ከዋሱ ተቀበሉ ይባላሉ። ይህ የታወቀ ቧልት እስከ 1833 እ.ኤ.አ. በሕግነት ኖረ። ሼክስፒርም አልማረውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ተውኔት ውስጥ፣ ልዑሉ በመቃብሩ ስፍራ የራስ ቅል እያየ የሕግ ሰው እንደሆነ ያስብና እነዚያ ድርብ ዋሶች ከአንድ ጥንድ የውል ሰነድ ርዝመትና ስፋት የበለጠ መሬት እንዳላስገኙለት ያላግጣል።

ከዚህ በኋላ ሰውየው ለወረቀት ቦታውን ለቀቀ። በየመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል የሚታወቀው «ቫውቸር» የዚያው የችሎት ጥሪ ልጅ ነው፤ የተጠራው ዋስ ቀርቶ ወጪውን የሚያረጋግጠው ሰነድ መጠሪያ ሆነ።

የእኛም ቋንቋ በራሱ መንገድ እዚሁ ደርሷል። አማርኛ ዋስን «ጥራ» ይላል እንጂ «ጻፍ» አይልም። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቹ ዋስ የሚጠራው በአደባባይ ነበር፤ ዋሱም በስሙና በንብረቱ ይገባ ነበር። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች እምነትን ከጥሪ ጋር ያስተሳሰሩት፣ ዋስ የሚባለው ሲጠሩት አቤት የሚልና የሚከፍለው ያለው ሰው በመሆኑ ነው።

ስለዚህ በመድረክም ሆነ በጽሑፍ ስለ ሌላው ስንመሰክር፣ የቃላችን ክብደት የሚለካው በድምፃችን ከፍታ አይደለም። ቃሉ ቢታጠፍ ከእኛ ምን ይጎድላል? ምንም የማይጎድልበት ዋስ ያ መሬት አልባ ለፋፊ ነው።